ብርሃን ከጎን ሲመጣ



ዓሣ ሲዋኝ ጀርባውን ወደ ላይ፣ ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ነው። በዙሪያው ያለው ውኃ ብቻ ሲሆን ላይና ታቹን በምን ይለያል?

ሁለት ምስክሮች አሉት። አንደኛው የውስጥ ጆሮው ነው። በውስጡ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ትንንሽ ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ዓሣው ሲያዘነብል ድንጋዮቹ ጸጉር መሰል ሕዋሳትን እየገፉ ማዘንበሉን ይነግሩታል። ሁለተኛው ዓይኑ ነው። ብርሃን ዘወትር ከላይ ስለሚመጣ፣ ዓሣው ጀርባውን ወደ ብርሃኑ ያዞራል።

ኤሪክ ፎን ሆልስት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ፣ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት እነዚህን ምስክሮች አለያያቸው። መብራቱ ከጎን ሲበራ ዓሣው ብርሃኑን ፈጽሞ አልተከተለም፤ ቀጥ ብሎም አልቀረም፤ በመካከል አዘንብሎ ዋኘ። የሚዛን አካሉ የተወገደበት ዓሣ ግን ብርሃኑ ከታች ሲመጣ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ዋኘ።

ይህን ስማር የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት በቤተ ሙከራ ለክቼ ያገኘሁት ቁጥር ከጓደኞቼ ሁሉ ተለየ። ማንም ሳያስገድደኝ ቁጥሬን በጥቂቱ ወደ እነርሱ አስጠግቼ ጻፍሁ። የእነርሱም ያልሆነ፣ የእኔም ያልሆነ ቁጥር ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ያዘነበልሁ አልመሰለኝም።

እንግዲህ ኅሊና ያለው ሰው እንዴት ያዘነብላል? ብዙ ጊዜ «ኅሊናዬ አልወቀሰኝም» ማለትን እንደ በቂ ማስረጃ እንቆጥረዋለን። ነገር ግን ያዘነበለው ዓሣ የጆሮው ድንጋይ አልጠፋበትም፤ ምስክርነቱ ከጎን ከመጣው ብርሃን ጋር ተደባለቀበት እንጂ። የእኔም ኅሊና ዝም አላለም፤ ከጓደኞቼ ጋር ለመስማማት ካለኝ ፍላጎት ጋር ተስማምቶ ነበር። ስለዚህ የልብ መረጋጋት ብቻውን ቀጥ ለማለታችን ዋስትና አይሆንም።

ምናልባት የጓደኞቼ ቁጥር ትክክል ይሆን ነበር፤ ብዙኃን ሁልጊዜ ይሳሳታሉ አልልም። ቢሆንም የሚገባኝ እንደገና መለካት ነበር እንጂ በእውነትና በስምምነት መካከል መቆም አልነበረም።

ዓሣው አይወቀስም፤ መብራቱ ከየት በኩል እንደ በራ ሊጠይቅ አይችልምና። እኛ ግን እንችላለን። ወዳጆቼ፣ ሁላችንም ወደ አንድ ወገን ስናዘነብል ቀጥ ያልን ይመስለናል። በዚያን ጊዜ እያንዳንዳችን «ብቻዬን ብሆን ምን እጽፍ ነበር?» ብለን እንጠይቅ።