ቅምሻ ስጦታ ነውን?

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚሄድ መንገደኛ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሸቤን ያገኛል። ከተማዪቱ በቡና አገር መካከል ያለች ስለ ሆነች፥ በለቀማው ወራት፥ ይኸውም ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ፥ ገንዘብ በእጅ ይገባል፤ ልብስ ይገዛል፤ ዕዳ ይከፈላል። ግንቦት ሲደርስ ግን የቡናው ገንዘብ አልቆ፥ የሚመጣውም ቡና ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ፍሬ ሳለ፥ የእናቶች መቀነት ይቀልላል።

እኛም በዚያ ወራት በከተማዪቱ ስናልፍ፥ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች አንድ መኪና ከበው አየንና ነገሩን ለማወቅ ወረድን። መኪናው የብስኩት ነጋዴ ነበረ። ድምፅ ማጉያው ይዘፍናል፤ ሁለት ወጣቶች ከላይ ሆነው በሚዘረጋው እጅ ሁሉ ላይ ትናንሽ እሽግ ያኖራሉ፤ ዋጋ የሚጠይቅ የለም። ለእኛም ደረሰንና ተቀበልን። ባጠገባችን የነበሩ አንድ መምህር ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲመለከቱ ቆዩና፥ ዛሬ በነፃ የቀመሱትን ነገ ከእናታቸው መቀነት ይፈልጉታል አሉን። በመጀመሪያ ሳቅን፤ ሰውዬው የልጆችን ደስታ የሚመቀኙ መስሎን ነበረና። ነገር ግን ቃሉ እስከ ጅማ ድረስ ተከተለን። ሳይጠየቅ የተሰጠ፥ ዋጋም ያልተቀበሉበት ምግብ ስጦታ ካልተባለ ምን ይባላል?

በአገራችን ማቅመስ የቆየ ልማድ ነው። ቡና በሚፈላበት ቤት ጎረቤት እንዲጠራ የሚላከው ሕፃን ነው፤ ተመልሶ ሲመጣም ከቡና ቁርሱ፥ ቆሎም ቢሆን ዳቦም ቢሆን፥ ድርሻውን ይዞ ይወጣል። በኦሮሞ ቤት በቅቤ የበሰለው ቡና፥ ቡና ቀላ የሚባለው፥ ሲቀርብ በቤቱ የተገኘ ሁሉ ይቀምሳል እንጂ፥ አንተ የማን ልጅ ነህ ተብሎ የሚመለስ የለም። በቡሄ ዕለት፥ ነሐሴ 13 ቀን፥ በየደጁ ለሚጨፍሩ ልጆች ሙልሙል ይሰጣቸዋል። (በዚህ ላይ አንድ ወዳጃችን፥ ዘፍነው የተቀበሉት ደመወዝ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም ብሎ ተከራክሮናል። ለመልሱ ብዙ አልደከምንም፤ ሙልሙሉ የሚጋገረው ልጆቹ ከመዝፈናቸው በፊት ነውና።)

የተማሪውን ነገር ብናነሣ፥ የቤተ ክህነት ተማሪ ስሙን እንኳ ያገኘው ከዚሁ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ይባላል። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየመንደሩ ሲለምን፥ ያገሩ ሰው ካለችው እንጀራ ቈርሶ መገበው። ቍርኣን ለመማር ከቤቱ የራቀውን ደረሳም እንደዚሁ መንደሩ ሲያበላው ኖሯል። እነዚያ ሰጪዎች፥ ተማሪው ነገ ደንበኛችን ይሆናል ብለው አልሰጡትም፤ ምናልባት ዳግመኛ አያዩትምና። ይሁን እንጂ ምንም ሳይጠብቁ ሰጡ ማለት አይቻልም፤ በረከት ይጠብቁ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ሞስም በ1925 (እ.ኤ.አ.) ስለ ስጦታ ባወጣው ጥናት፥ ስጦታ ተቀባዩን መልሶ እንዲሰጥ ግዴታ ውስጥ እንደሚያገባው አስረድቷል። እንግዲያውስ አንዳች ነገር የሚጠበቅበት መሆኑ ብቻ ብስኩቱን ከስጦታነት አያወጣውም። ልዩነቱን በሌላ ስፍራ መፈለግ አለብን።

ወደ ገበያ እንሂድ። ዛሬ የጅማ ከተማ ባለችበት፥ ሕርማታ በተባለው ስፍራ፥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ ማር ሻጭ፥ እስቲ ቅመሱ ስትል እንዋደድ ማለትዋ አይደለም፤ ዕቃዋን ለፍርድ ማቅረብዋ ነው። ገዢው ምላሱም ገንዘቡም የራሱ ነው፤ ካልጣመው ይሄዳል። እህል ሻጪቱም ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ መርቂልኝ ስትባል አንድ እፍኝ ትጨምራለች፤ ይህም ከሽማግሌ ቡራኬ ጋር አንድ ስም ይዞ ምርቃት ይባላል። የቡና ቀማሽን ሥራ ያየ ሰው ደግሞ፥ ናሙናውን በማንኪያ ማግ አድርጎ እንደሚተፋው ያውቃል፤ ሊፈርድ ቀመሰ እንጂ ሊወድ አልቀመሰምና። ይህን ዓይነቱን ቅምሻ ሐቀኛ ነው እንላለን። ስጦታ ባይሆንም እንኳ እውነትን መግለጫ ነው።

ሸቤ ላይ ያየነው ግን ከዚህ ይለያል። ምላሱ የልጁ፥ መቀነቱ የእናቲቱ ነው፤ እርስዋም በዚያ የለችም። ነጋዴው ወደ እርስዋ ቀርቦ ዕቃዬን እዪልኝ ቢላት፥ አልፈልግም ብላ ትመልሰው ነበር፤ እርሱ ግን ልጇን ላከባት። ልጅን እምቢ ማለት ነጋዴን እምቢ ከማለት የከበደ መሆኑን የወለደ ሁሉ ያውቀዋል። በማግሥቱም ልጁ የቀረበለትን የተቈላ በቆሎ ወይም የተቀቀለ ጎደሬ ገፋ አድርጎ ያኰርፋል፤ እናቲቱም ያላጠፋችውን ጥፋት እንዳጠፋች ሆና ትቀመጣለች። እኛን የከነከነን ይህ ነው እንጂ ስኳሩ አይደለም።

የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ስለ እናት ጡት ወተት ተተኪ ምግቦች ገበያ ባጸደቀው ደንብ፥ አምራቾች ለነፍሰ ጡሮችና ለእናቶች ናሙና እንዳይሰጡ አሳስቧል። ናሙናው እስኪያልቅ የእናቲቱ ወተት ሊቀንስ ይችላልና፤ ከዚያ በኋላ መግዛት ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ ግድ ይሆናል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የተደረገውና ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. የተቀበለችው የትምባሆ ቍጥጥር ስምምነት ደግሞ፥ ትምባሆ ለሕዝብ፥ ይልቁንም ለአካለ መጠን ላልደረሱ፥ በነፃ እንዳይታደል ይከለክላል። ብስኩት ትምባሆ አይደለም፤ ነው ብንል አንባቢ ይስቅብናል። ነገር ግን በሁለቱም ሕጎች ውስጥ ያለው አሳብ፥ ቅምሻ የቀማሹን የእምቢታ ኀይል የሚወስድበት ጊዜ አለ የሚል ነው።

ስለ ኮሌጅ ተማሪውስ ምን እንበል? በ1992 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ አንድ ሆነው በተቋቋሙበት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያው መኪና ቢቆም፥ ቀማሹ ዐዋቂ ነው፤ ምላሱም ኪሱም፥ ምንም እንኳ የሳሳ ኪስ ቢሆን፥ የራሱ ነው። ዐሥር እሽግ በልቶ አንድም ሳይገዛ ቢሄድ ነውር አይባልበትም። በዚህ ላይ ግን እኛ ራሳችን ከሁለት ተከፈልን። ከመካከላችን አንዱ፥ የወር መጨረሻ ሲደርስ የተራበ ተማሪ ዳኛ ሊሆን አይችልም አለ። ሌላው፥ ለተማሪ እንዲህ መሳሳት እርሱን መናቅ ነው ብሎ መለሰ። ሕጉ ራሱ ከመካከል ቆሟል፤ አዋጅ ቍጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥና ትምባሆ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ ሲከለክል፥ ብስኩቱን ለተማሪው ፈቃድ ትቶለታል። እኛም አልተስማማንም።

የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ፥ ውለታ የሚገኘው በተሰጠው ዕቃ ሳይሆን በሰጪው አሳብ ነው ብሎ አስተምሯል። እኛ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምርበታለን፤ ሰጪው የሚሰጠውን ሰው ማወቅ አለበት። የቡና ቁርስ የምታድለው እናት፥ ይህ ልጅ ጾም ይዟል፥ ያኛው ከትናንት ጀምሮ ሆዱን ታሟል ትላለች። መኪናው ግን በረመዳንም ይመጣል፥ በዐቢይ ጾምም ይመጣል፤ የሚያየው እጅን ብቻ ነው።

በዚያ ቀን፥ መኪናው ሄዶ አቧራው ከወረደ በኋላ፥ ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ እሽጉን ሲከፍት አየነው። አንዱን በላ፤ የቀረውን በደብተር ቅጠል ጠቅልሎ ወደ ኪሱ ከተተ። ለማን ነው ብንለው፥ እቤት ለቀረችው እኅቱ መሆኑን ነገረን።

ጅማ ስንገባ ሾፌራችን ከአንድ ሱቅ ፊት ቆመ። ሸቤ ላይ ደርሶት የቀመሰው ብስኩት ጥሞት ኖሮ፥ ለልጆቹ ሁለት እሽግ ገዛ። ከፈለና መጣ። መምህሩ የተናገሩትን ልንነግረው አስበን ነበር፤ ዳሩ ግን አልነገርነውም።