ሌሊቱን ለሊጡ ተይለት

ልጄ፣ «ሱቅ እየዋልኩ ዳቦ የምጋግርበትን ጊዜ ከየት ላምጣ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መርካቶ ውሎ የገባ ሰው እግሩ እንዴት እንደሚዝል አውቃለሁ። ጠዋት በ2 ሰዓት ትከፍቻለሽ፣ እስከ ማታ 12 ሰዓት ከደንበኛ ጋር ዋጋ ስትከራከሪ ትውያለሽ፣ አውቶቡስ ተራ ተሰልፈሽ ታክሲ አግኝተሽ ቤትሽ ስትደርሺ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ድፎ ዳቦን ለበዓል ዋዜማ ብቻ ትተሽዋል። አትተይው። ዳቦ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ ያንቺን እጅ የሚፈልገው ግን ለጥቂቱ ነው። መስፈሩ፣ ማሸቱና ማስተካከሉ ቢደመር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረውን ሊጡ ብቻውን ይሠራዋል።

ብዙ ሴቶች የሚቸገሩት በጥድፊያ ነው። ቶሎ ኩፍ እንዲል እርሾውን ያበዙታል፣ ውሃውን ያሞቁታል፣ ከዚያ ሊጡ እንዳይገነፍል አጠገቡ ቆመው ይጠብቁታል። እንዲህ የተጣደፈ ዳቦ በማግስቱ ይፈረፈራል፣ ሽታውም እርሾ እርሾ ይላል። አንቺ ተቃራኒውን አድርጊ። እርሾውን ቀንሺ፣ ውሃውን ከቧንቧ እንደወረደ ተጠቀሚ፣ ሌሊቱን ስጪው። ቅዝቃዜ እርሾውን ያዘገየዋል፤ በዚያ ረጅም ሰዓት ውስጥ ነው ሊጡ ቀስ ብሎ ጎምዘዝ የሚለው፣ ጣዕሙም የሚመጣው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። ለዳቦ ከዚህ የተሻለ ሌሊት የለም።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር በቀላሉ ይነፋል፣ ሊጡም ባሕር ዳርቻ ካለ አገር ይልቅ ፈጥኖ ይነሣል። ስለዚህ የውጭ አገር መጽሐፍ «ሁለት ሰዓት ይቆይ» ቢልሽ ሰዓቱን አትመኚ፤ ሊጡን እዪ። በእርጥብ ጣት ጫን አድርጊው። ጉድጓዱ ወዲያው ከተሞላ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፤ እንደ ጎደጎደ ከቀረ አልፎበታል፣ ሳትዘገዪ ጋግሪው።

ልኩን ልንገርሽ። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ከ650 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ እርሾ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ። በጋ ላይ ዱቄቱ ደርቆ ስለሚጠጣ ውሃውን ወደ 700 ጠጋ አድርጊው። ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ ቢለጠፍ አትፍሪው፤ ዱቄት እየጨመሩ ማድረቅ ነው ዳቦን ድንጋይ የሚያደርገው። ማታ በ2 ሰዓት አዋህደሽ ለሩብ ሰዓት ያህል አሽተሽ፣ ከድነሽው ተኚ። ስትነሺ እርሾው ሥራውን ጨርሶ ታገኚዋለሽ። ማታ ደክሞሽ ከሆነ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት አቡክተሽ ፍሪጅ ውስጥ ክደኚው፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ይጠብቅሻል። ከመጋገርሽ በፊት ደግሞ ከሊጡ አንድ ጭብጥ አስቀርተሽ በተከደነ ብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አኑሪ። በሚቀጥለው ሳምንት እሱን በውሃ በጥብጠሽ ስትጥዪው የሱቅ እርሾ ማለት ይቀርልሻል፤ እናቶቻችን የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

አንቺ ደግሞ ያለሽበት ቦታ የታደለ ነው። ከሌላ ሰፈር ሰው በታክሲ የሚመጣለት ዕቃ ከሱቅሽ ደጃፍ በእግር የሚደረስበት ነው። ከአርሲና ከባሌ የመጣው ስንዴ እህል በረንዳ ይራገፋል። ሁልጊዜ የነጣ የፉርኖ ዱቄት አትግዢ። ጥሩ ስንዴ መርጠሽ፣ አስለቅመሽ፣ ወፍጮ ቤት አስፈጪና ከፉርኖው ጋር እኩል ቀላቅዪ፤ ዳቦው ይጠቁራል፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። ጥቁር አዝሙዱንና ኮረሪማውን ከበርበሬ በረንዳ አካባቢ ውሰጂ። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ግዢ፣ እቤት ፈልፍለሽ ዕለቱን ውቀጪው፤ የተፈጨ ተገዝቶ የተቀመጠ መዓዛው በኖ አልቋል። ጥቁር አዝሙዱን ግን አትፍጪው፣ እንዳለ ሊጡ ውስጥ ጨምሪው። ኮባውም እንሰት ከሚበቅልባቸው ከጉራጌና ከሌላው የደቡብ አገር ይመጣል። በዓል ሲቀርብ ዋጋው ስለሚጨምር በዘወትር ቀን መግዛቱን ልመጂ። ግቢው ውስጥ ኮባ የተከለ ጎረቤት ካለሽማ አንድ ቅጠል አይከለክልሽም።

ኮባውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ ወፍራም አጥንቱን በቢላ ላጪ፣ ከዚያ እሳት ላይ ገለባበጥ አድርገሽ አጠውልጊው። ያልጠወለገ ኮባ ይሰነጠቃል፣ ሊጡም አልፎ ምጣዱ ላይ ይያዛል። ንጋት በ12 ሰዓት ምጣዱን አግዪ፣ ኮባውን አንጥፊ፣ ሊጡን ገልብጪ፣ በሌላ ኮባ ሸፍነሽ ክደኚ፣ ሙቀቱንም ወዲያው ዝቅ አድርጊው። እንደ ገና ዳቦ እሳት ከላይና ከታች የሚነደው በከሰል ዘመን ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከታች ብቻ ነው የሚያግለው፣ ስለዚህ ከ35 ደቂቃ ገደማ በኋላ በሰፊ ትሪ ገልብጠሽ ሌላውን ፊቱን 20 ደቂቃ አብስዪው። በመካከሉ ልብስሽን ልበሺ፣ ልጆችሽን አሰናጂ። ምጣዱ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ቆጣሪ ከጎረቤት ጋር የምትጋሪ ከሆነ ንጋት ላይ መጋገሩ ለሁላችሁም ሰላም ነው። ዳቦውን አውጥተሽ ከሥሩ አንኳኪው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪው፣ ትኩሱን አትቁረጪው፤ ውስጡ ገና እየበሰለ ነው።

ይህን በየቀኑ አድርጊ አላልኩሽም። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፣ ቅዳሜ ማታ አቡክተሽ እሑድ ጠዋት። በሌላው ቀን ከዳቦ ቤት መግዛት ነውር የለውም። በ2012 ዓ.ም. ሸገር ዳቦ ፋብሪካ ሲከፈት ወረፋ የያዙትን እናቶች አይቻለሁ፤ ርካሽ ዳቦ ስንቱን ቤት እንደ ደገፈ አልዘነጋም። ነገር ግን ልጅ እናቱ ስታሽ ያላየውን ዳቦ ከየት ይማረዋል? አንቺ ስትሠሪ ይይ፣ እጁንም ሊጡ ውስጥ ያስገባ፣ ወንድም ቢሆን።

ከቆረስሽው ላይ ደግሞ ለጎረቤት ላኪ። የራጉኤል ደወልና የአንዋር አዛን እየተሰሙ ያደግንበት ሰፈር ነው፤ በፋሲካም በዒድም ድፎ በትሪ ተሸፍኖ በየደጃፉ ሲዞር ነው የምናውቀው። ዘይትና ቅመም ብቻ ስለገባበት ለጾመኛም ይሆናል።

መብራት በመካከሉ ከጠፋብሽ ክዳኑን አትክፈቺ። ሸክላው ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፤ ካልተመለሰ ከሰል አያይዘሽ ዳቦውን ጉልቻ ላይ ወደተጣደ ተራ የሸክላ ምጣድ አዙሪው። ሊጡ ገና ያልተጋገረ ከሆነ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አስገብተሽው ወደ ሱቅሽ ሂጂ፤ ማታ ትደርሺበታለሽ።