«ጠገንን» ወይስ «ጠገንኩ»?

 

አንድ ሙስሊም ለትልቅ ኃላፊነት ሲወዳደር ስለ ራሱ ምን ያህል ሊናገር ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ቀድሞ የቃዲዎችና የሹማምንት ብቻ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ የእራት ሰዓት ወግ ሆኗል። ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘውን መልካ ጀብዱን ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። በመስከረም 2009 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በዚያ በኩል ያልፋል። የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል። በነሐሴ 2014 ደግሞ በአገራችን የመጀመሪያው የሆነው ነፃ የንግድ ቀጣና ተመርቋል። ይህ ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ይፈልጋል፤ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በቃለ መጠይቅ ይመረጣል።

የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ይህ ነገር አዲስ አይሆንባቸውም። በ1895 የመጀመሪያው ባቡር ከጅቡቲ ሲደርስ ከተማይቱ አብራው ተወለደች፤ በባቡሩ ኩባንያ ዘመንም ፈረንሳይኛ ማወቅ እንጀራ ነበር። አሁን የመጣው ቋንቋ የቃለ መጠይቅ ቋንቋ ነው። በገንዘብ የሚያስተምሩትም ሰዎች አሉ፤ አሰልጣኝ፣ አንዳንዶችም ኮች ይሏቸዋል።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ተወዳዳሪው ያመለከተበትን ድርጅት ሒሳብ፣ ገበያና ችግር እንዲያጠና ያደርጉታል። እንደ ፈታኝ ሆነው ይጠይቁታል፤ ድምፁን ቀድተው መልሰው ያሰሙታል። «ስለ ራስህ ንገረን» ለሚለው በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ መልስ፣ «በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ምን ትሠራለህ?» ለሚለው ደግሞ የተሰናዳ ዕቅድ ያስይዙታል። እስከዚህ ድረስ ማን ይቃወማል? ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ጌታቸውን ለምነዋል፤ በንግግር ከእርሳቸው የሚሻሉት ወንድማቸው ሃሩን አብረዋቸው እንዲላኩም ጠይቀዋል። እውነት በመንተባተብ እንዳትጠፋ መዘጋጀት ነውር የለበትም።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። እንበልና ከመልካ ጀብዱ ፋብሪካዎች በአንዱ የምርት ክፍል ኃላፊ የሆነ አባወራ ለዋና ሥራ አስኪያጅነት ይወዳደራል። ለአሰልጣኙ እንዲህ ሲል ያወጋዋል፦ «ማሽኑ በሌሊት ቆመብን። ከልጆቹ ጋር ሆነን እስከ ሱብሒ ጠገንን፤ አልሐምዱሊላህ ሥራው ቀጠለ።» አሰልጣኙ ያርመዋል፦ «ጠገንን አትበል፣ ጠገንኩ በል። የሚቀጥሩት አንተን እንጂ ልጆቹን አይደለም!»

የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት። ነገር ግን በዚያች ፊደል ባትሪ ይዞ ያደረው ኤሌክትሪሺያን፣ ብሎኑን የፈታው ወጣት፣ ሻይ እያፈላች ያነጋችው እህት፣ ሁሉም ከታሪኩ ወጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያልተሰጠውን እንደተሰጠ አድርጎ የሚታየውን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ጋር አመሳስለውታል። የሌላውን ሌሊት ለብሶ ፈታኝ ፊት መቀመጥ ከዚህ በምን ይለያል?

ሆኖም ፍርዳችን በአሰልጣኙ ላይ ብቻ አይክበድ። በእኛ ቤት አስተዳደግ ራስን መጥራት እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ «እኛ» የምትለው ቃል አንዳንዴ ትሕትና፣ አንዳንዴ ደግሞ መደበቂያ ናት። ሲሳካ «እኛ» ያለ ሰው፣ ሲበላሽም ያችኑ «እኛ» ይዞ ያመልጣል። ፈታኞቹ የሰውየውን የራሱን ድርሻ የማወቅ መብት አላቸው። «መስመሩ እንዲቆም የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ጥገናውን የሠሩት ግን እነ እከሌ ናቸው» ብሎ መመለስ ይቻላል። እንዲህ ያለው መልስ አሰልጣኙ ከሚለው እንኳ የሚያንስ አይመስለኝም፤ ሰውን የሚያውቅና ሰው የሚያሠራ ኃላፊ ያሳያልና።

«ታዲያ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ራሳቸውን አላቀረቡምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎን፣ በምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾሙ ጠይቀዋል፤ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውንም ተናግረዋል። ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ልብ በሉ። ንጉሡ ከእስር እንዲያወጧቸው ሲልክ አልወጡም! መጀመሪያ በሴቶቹ የተነሳባቸው ክስ እንዲጣራ አደረጉ። ስማቸው ከተመረመረ በኋላ ነው ስለ ራሳቸው የተናገሩት። የተናገሩትም ሁለት ባሕርይ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሊመጣ ላለው የረሃብ ዘመን የሚያስፈልጉ ናቸው። ዕውቀታቸውንም አስቀድመው፣ ገና በእስር ቤት ሳሉ፣ ጌታቸው ያስተማራቸው መሆኑን ተናግረው ነበር።

በሌላ በኩል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐብዱረሕማን ኢብን ሰሙራን ሹመት እንዳይጠይቁ፣ ጠይቀው ካገኙት ለብቻቸው እንደሚተዉ፣ ሳይጠይቁ ቢሰጣቸው ግን እንደሚታገዙ ነግረዋቸዋል። ለአቡ ዘርም ሹመት አማና መሆኑን፣ በሐቁ ካልያዙት የቂያማ ዕለት ጸጸት እንደሚሆን አስጠንቅቀዋል። ዑለማዎች እነዚህን ከዩሱፍ ታሪክ ጋር ሲያስታርቁ፣ ክልከላው ሹመቱን ለሹመትነቱ የሚሻውንና የማይችለውን ይመለከታል፤ የሚችልና እርሱ ቢተወው ሐቅ የሚጠፋበት ግን ራሱን ቢያቀርብ አይወቀስም ይላሉ። የድርጅት ሥራ አስኪያጅነት የአገር ሹመት ባይሆንም በሥሩ የስንት ቤተሰብ ጉሮሮ አለ።

ስለ «ድክመትህ ምንድን ነው?» ጥያቄ ብዙ አልልም። «ሥራ አበዛለሁ» የሚለው የተለመደ መልስ ድክመት መስሎ የቀረበ ውዳሴ መሆኑን ፈታኙም ያውቀዋል።

ፈታኝ ሆናችሁ የምትቀመጡ ወንድሞችና እህቶችም አላችሁ። የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ ሙሳን እንዲቀጥሯቸው አባቷን ስትመክር ጥንካሬና ታማኝነትን ጠቅሳለች። ሁለቱን ባሕርያት ሙሳ ስለ ራሳቸው የተናገሯቸው አልነበሩም፤ ውሃው ዘንድ መንጋዋን ሲያጠጡላት አይታለች። ጥንካሬን በ45 ደቂቃ ጥያቄ ትገምቱ ይሆናል። ታማኝነትን ግን የሚያውቁት የጥበቃ ሠራተኛው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የገንዘብ ያዧ ናቸው፤ እነርሱን ጠይቁ።

እናንተ ተወዳዳሪዎች ደግሞ ከአሰልጣኙ ጋር የመጨረሻውን ልምምድ ስታደርጉ፣ ያን ሌሊት አብሯችሁ ያደረውን ባልደረባ ጥሩት። አጠገባችሁ ተቀምጦ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስማ።