ያልታሰረ ቁጥር

ኦቨርክሎክ ማለት የኮምፒውተርን ፕሮሰሰር አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ቀድሞ ሥራው ምክንያቱን ሳይረዱ የሚሞከር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ ማባዣው፣ ማለትም የማዘርቦርዱ ባስ ፍጥነት የሚባዛበት ቁጥር፣ 4.5 ላይ የተቆለፈ ነበር። ፍጥነት የፈለገ ሰው የማዘርቦርዱን ባስ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ያሳድግና ፕሮሰሰሩን ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ያደርሰዋል። 450 ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ያባዛው ራሱ ነውና። ዛሬ እንደ ኤኤምዲ ራይዘን ማስተር ያሉ ፕሮግራሞች ልፋቱን ተረክበዋል። ጀማሪው አንድ ቁልፍ ይጫናል። መሣሪያው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይፈትናል፣ ማሽኑ ሲወድቅ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በመጨረሻም አንድ ቁጥር ያስረክባል። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጀማሪው በእጁ የያዘው ግን ዕውቀት ነው ወይ?

ጥያቄው ከኮምፒውተር እጅግ ይቀድማል። በፕላቶ «ሜኖ» ውስጥ ሶቅራጥስ ወደ ላሪሳ የሚወስደውን መንገድ በምሳሌነት ያነሳል። መንገዱን የሚያውቀውም ሆነ ሄዶበት ሳያውቅ በትክክል የገመተው መንገደኛውን እኩል ያደርሱታል። ታዲያ ዕውቀት ከትክክለኛ ግምት በምን ይበልጣል? መልሱ በአፈ ታሪኩ ቀራጺ በዳዳሎስ ሐውልቶች ይገለጣል፤ ካልታሰሩ ሸሽተው ይጠፋሉ ይባልላቸው ነበር። ትክክለኛ ግምትም በምክንያት እስኪታሰር ድረስ በሰው ዘንድ አይረጋም።

የፕሮሰሰሩ ቁጥር በምን እንደሚታሰር ፊዚክስ ያስረዳል። ትራንዚስተሮች ሲበሩና ሲጠፉ የሚፈጁት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ሁለቱም በ10 በመቶ ቢጨመሩ ይህ ፍጆታ በ33 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ ኃይሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚያ ላይ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ስም የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች አቅማቸው እኩል አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩ ለዚያ ቺፕ፣ ለዚያ ማቀዝቀዣና ለዚያ ክፍል ብቻ የተሰፋ ልብስ ነው። ፋኑ አቧራ ሲይዝ ወይም የሙቀት ወቅት ሲመጣ ትናንት የጸናው ቁጥር ዛሬ ይሸሻል።

ፈተናን ማለፍም ማሰሪያ አይሆንም። ብዙዎች ለፍተሻ የሚጠቀሙበት ፕራይም95 ግዙፍ ስሌት ያሠራና ውጤቱን አስቀድሞ ከታወቀው መልስ ጋር ያስተያያል። አንድ ስህተት ከተገኘ አለመረጋጋቱ ተረጋገጠ፤ ስህተት አለመገኘቱ ግን መረጋጋቱን አያረጋግጥም። ከሁሉ የሚከፋው ማሽኑ ሳይወድቅ በዝምታ ስሌት ሲያሳስት ነው፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ፋይሉ ከተበላሸ በኋላ ይሆናል።

እዚህ ላይ መቃወሚያ ይነሳል። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮችን አንድ በአንድ ያየ ባለሙያ የለም፤ ፋብሪካውም ቢሆን ቺፖቹን የሚመድበው በፍተሻ ነው። እንዲህ ከሆነ ባለሙያውም ከጀማሪው የሚለየው በመጠን ብቻ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው ግን ቁጥሩ ሲሸሽ ነው። ባለሙያው ሙቀቱን ይለካል፣ ቮልቴጁን ይመረምራል፣ አንዱን ብቻ ለውጦ ደግሞ ይፈትናል። ጀማሪው ያለው ምርጫ ቁልፉን እንደገና መጫን ነው። ዕውቀት ሁሉን ማየት ባይሆንም፣ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን የት መፈለግ እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ኃላፊነቱም ከዚሁ ይመነጫል። ኤኤምዲ በራሱ ፕሮግራም የተደረገ ኦቨርክሎክ እንኳ ዋስትናውን እንደሚያሳጣ ያስጠነቅቃል፤ ተጠቃሚው «እስማማለሁ» ሳይል ወደ ሥራው አይገባም። መሣሪያው ልፋቱን ቢረከብም ዕዳውን አይረከብም። ምን ያህል መረጋጋት እንደሚበቃም ሊወስን አይችልም፤ ለጨዋታ ብቻ በሚያገለግል ማሽን ላይ የሚታለፍ ስህተት የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የቤተሰብ ፎቶ በተቀመጠበት ላይ አይታለፍም። ይህን የሚመዝነው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ለመመዘንም ቁጥሩ በምን እንደታሰረ ማወቅ አለበት።