ለባዝራዋ ያለብን ዕዳ

መስከረም ጠብቶ ሣሩ ሲለመልም፣ በአዊ ደጋ ባለው ቤታችን ሥራ የሚበዛው በጋጣ ነው። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነውና አባታችን የተጠቃችበትን ወር አስታውሰው ቀኑን በጣታቸው ይቆጥራሉ። ማለዳ ማለዳ ግቷ ማጋቱን ያያሉ፤ ልጆች ሣር ያጭዳሉ፤ ማታ አንድ ሰው ኩራዝ ይዞ ጋጣ ያድራል። ባዝራ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ በሌሊት ነው። የሚያድረው ሰው ሥራው ብዙ አይደለም፤ ዝም ብሎ ማየት ነው። ውርንጭላው ከተወለደ 1 ሰዓት ያህል ቆይቶ በእግሩ ከቆመ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላው እንገሩን ከጠባ፣ የእንግዴ ልጁም በ3 ሰዓት ውስጥ ከወጣ፣ ደግ ነው። እንገሩ በተለይ የዋዛ ነገር አይደለም፤ ውርንጭላ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል በማኅፀን ሳለ አያገኝም፤ የሚቀበለው በዚያ በመጀመሪያው ወተት ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ በመጣንበት ዓመት ሦስት ባዝሮች አርግዘው ነበር። ሁለቱ በሰላም ወለዱ። ሦስተኛዋ፣ ዳማዋ፣ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ለመሳፈሪያ፣ ለብርድ ልብስና ለደብተር ገንዘብ አስፈለገ። ቤት ያለው ድንች ብቻ፤ ገበያው ደግሞ ሩቅ። ሌሎቹ አራሶች ናቸው። «አንድ ቀን ነው፣ ትችለዋለች» ተባለ። የጆንያውን ጫፍ ይዘን ያነሣነው እኛው ነን። በሳምንቱ፣ ሌሊት፣ ጽንሱ ጨነገፈባት። ጭነቱ ይሁን ሌላ ሕመም፣ መርምሮ የሚነግረን ሐኪም በአቅራቢያችን አልነበረም። አባታችን ምንም አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፈርን።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ችግር ያስገደደው ሰው ዕዳ አለበት ይባላልን?

ነገሩን በመኝታ ክፍላችን ብናነሣው ክርክር ሆነ። አንዱ ወንድማችን፣ «የሰው ልጅ ጦሙን በሚያድርበት አገር ስለ ፈረስ ጽንስ መጨነቅ ቅንጦት ነው» አለ። ሌላው ካንትን ጠቀሰ። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ብዙ ዘመን ላገለገለ ያረጀ ፈረስ ምስጋና እንደሚገባ ይቀበላል፤ ግዴታው ግን ሰው ለራሱ ያለበት ነው እንጂ ለፈረሱ አይደለም ባይ ነው። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1789፣ ቤንታም ለእንስሳ የሚገባውን ስናስብ መለኪያው የአእምሮው ብልጠት ሳይሆን ሥቃይ የሚሰማው መሆኑ ነው ብሎ ነበር። እኛ ያን ሌሊት ዳማዋ ስትንፈራገጥ አይተናል፤ ከካንት ይልቅ ወደ ቤንታም እናደላለን።

የመጀመሪያው ወንድማችን ቃል ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ሌላ የጭነት ከብት የሌላቸውን አባት በዳይ ማለት ግፍ ነው። ይሁን እንጂ ችግር የሚያነሣው ወቀሳን ነው፤ ዕዳን አያነሣም። ልጁ ታሞበት ከጎረቤት እህል የተበደረ ሰው በመበደሩ ማንም አይወቅሰውም፤ መክፈሉ ግን አይቀርለትም። «ያኔ ቸግሮኝ ነበር» ብሎ ብድሩን ከካደ፣ ወቀሳው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

እኛ ደግሞ መካዱን ለምደነዋል። ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ የምንላቸው በፈረሶቻቸው ስም ነው። በአዊም በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዐድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል፤ ፈረሱ ሁሉ ተሸልሞ አደባባይ ይወጣል። ደስ ይለናል፤ ይገባቸዋልም። ግን አባ ዳኘውን የወለደችው ባዝራ ማን ትባል ነበር? ባዝራ በተረታችን የምትነሣው በቅሎ አባቱን ሲጠየቅ «እናቴ ፈረስ ናት» ብሎ አህያውን ሊሸሽግባት ሲፈልግ ነው። ተሸክማን እንኳ በስሟ የምንጠራት ለጉዳያችን ስትሆን ብቻ ነው ማለት ነው።

አባታችን ከዚያ ወዲህ ሰባተኛ ወሯን ያለፈች ባዝራ አይጭኑም። ድንቹን ከፋፍለው፣ በሁለትና በሦስት ገበያ፣ በትከሻቸው እያመላለሱ ይሸጣሉ። ካንትንም ቤንታምንም አላነበቡም። ድህነታቸው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ድካም ተጨመረበት። እኛ ዕዳን አለመካድ የምንለው ይህንን ነው።

እኛስ? ይህን የምንጽፈው በዚያ ድንች የተገዛውን ብርድ ልብስ ደርበን ነው። ከመካከላችን በፈረስ ጀርባ፣ ወይም ከዚያ በባሰ በእናቱ ጀርባ ተጭኖ እዚህ ያልደረሰ ስንቱ ነው? ስማቸውን የምናነሣውስ መቼ ነው? ዳማዋ ዘንድሮ እንደገና አርግዛለች። ቀኗ የሚደርሰው ለዕረፍት ቤት በምንገባበት ሰሞን ነው። ኩራዙን ይዘን ጋጣ የምናድረው እኛ እንድንሆን ለአባታችን ከወዲሁ ልከንባቸዋል።