ስንት አመጣህ?

ፈተና ካለፈ በኋላ በግቢያችን የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት አመጣህ?» ምን አወቅህ፣ ምን ገረመሽ፣ የትኛው መጽሐፍ እንቅልፍ ነሣህ የሚል የለም። ለበዓል አገር ቤት ብንገባም ያው ነው፤ ቡናው ሳይፈላ ጎረቤት ቁጥሩን ይጠይቃል። ጥያቄው ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን መልሱ ሁልጊዜ ቁጥር ሲሆን ሰው ቀስ በቀስ ራሱን በቁጥሩ መጥራት ይጀምራል። «እኔ እኮ የሁለት ነጥብ ሦስት ሰው ነኝ» ያለኝ ጓደኛዬ እየቀለደ ነበር፤ ቀልዱ ግን አላሳቀኝም።

በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.2 መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የፈተናው አሰጣጥ፣ የትምህርት ቤቶቹ ጉድለት ሌላ ክርክር ነው፤ ለጊዜው ልተወው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የቀሩት ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ወጣቶች ናቸው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረው ምንም አልሆኑም ማለት ነው? ወይስ የሆኑትን ነገር የምንጠራበት ቃል አጣን?

በሌላ ወገን «ነጥብ ከንቱ ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህን ብዙም አላምናቸውም። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚለው እንጀራው የተዘጋጀለት ሰው ነው። ከስናን ወይም ከማቻከል ገጠር ማለዳ ማለዳ በእግሯ እየተጓዘች ለተማረች የገበሬ ልጅ ነጥብ ጌጥ አይደለም፣ መንገድ ነው። የማን ልጅ ነሽ፣ ዘመድሽ ማነው ብሎ አይጠይቃትም። ይህን የሚያህል ነገር እንዲሁ በዋዛ አይጣልም። እንግዲህ ጥያቄው ነጥብ ይኑር አይኑር አይደለም፤ ሰው የሚያድገው በየት በኩል ነው የሚለው ነው።

መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከዲማ ጊዮርጊስ እስከ ዋሸራ፣ ከጎንጅ እስከ ጽላሎ፣ ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወደ መወድሱ ይወጣል። ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። (ይህ «ቆጠረ» የሚባል ግሥ ይገርመኛል፤ እኛ ነጥብ ስንቆጥር እነርሱ ቅኔ ይቆጥራሉ።) ከዚያም ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የኔታ ያዳምጣሉ። ምሥጢሩ ካልተገናኘ፣ ሰሙ ወርቁን ካልያዘ፣ ቤቱ ከጎደለ እዚያው ይነግሩታል፤ ያቃኑለታል፤ ወይም «ሂድና ቁጠር» ይሉታል። የትናንቱ ቅኔ ደግሞ ለዛሬ አይሆንም፤ በየቀኑ አዲስ ነው።

ልብ በሉ፤ እዚያ ፍርድ የለም አላልኩም። እንዲያውም ፍርዱ ከእኛው ይብሳል። ግን የሚወድቀው በቅኔው ላይ ነው፤ ምን እንደ ጎደለም ይናገራል። ተማሪው የሚጠግነውን ይዞ ይመለሳል። የእኛ «ሲ» ግን ዲዳ ናት። ምን ጎደለኝ ብትሏት አትመልስም፤ ሒሳቡን ዘግታ ትሄዳለች። «ኤ»ም ብትሆን ያው ናት፤ ምን እንደ ሞላ አትናገርም። ስለዚህ ነው መሰለኝ ጥሩ ያመጣውም መጥፎ ያመጣውም እኩል ደብተሩን ወርውሮ የሚገላገለው።

የቅኔ ቤቱን ገነት አላደርገውም። ረኃቡ፣ ቁራሽ ፍለጋው፣ የመንደር ውሻው፣ ኩርኩሙ አለ። ለሴት ልጅ በሩ ጠባብ ነበር። ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚያ ጠባብ በር ገብተው በጽላሎ የቅኔ መምህር ለመሆን መብቃታቸው የእርሳቸውን ብርታት እንጂ የበሩን ስፋት አያሳይም።

ሙሉ ሰው መሆን ማለት ደስተኛ መሆን ማለትም አይመስለኝም። ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ መንደር ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ጉዱ ካሣን ተመልከቱት። ዐዋቂ ነው፤ በወገኖቹ ዘንድ ግን እንደ እብድ ይታያል። ዕውቀቱ ሹመትም ምቾትም አልጨመረለትም። ሆኖም በመጽሐፉ ካሉት ባለማዕረጎች ሁሉ ይልቅ ሙሉ ሰው ሆኖ የሚታየኝ እርሱ ነው፤ ያየውን እንዳላየ መሆን አልቻለበትም። ትምህርት ይህን ካላደረገብን ምን አደረገ?

እኛ ጥቂት ተማሪዎች ዐርብ ማታ ከላይብረሪው ጀርባ እየተሰበሰብን የጻፍነውን እናነባለን። ሕጉ አንድ ነው፤ «ጥሩ ነው» ወይም «አይረባም» ማለት ክልክል ነው፤ የጎደለውን መናገር ግዴታ ነው። በቅርቡ አንዲት የሒሳብ ተማሪ ስለ ጮቄ ብርድ የጻፈችውን አነበበችልን። «ብርዱን ነገርሽን እንጂ አልበረደንም» አላት አንዱ። ወረቀቷን አጣጥፋ ዝም ብላ ሄደች። ትቀራለች ብለን ነበር። በሚቀጥለው ዐርብ፣ ፈተና ደርሶባት ሳለ፣ እንደገና ጽፋው መጣች። አሁንም ይቀረዋል አልናት። እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለችና እስክርቢቶ አውጥታ መሰረዝ ጀመረች።