ለማን ነው የምተክለው?

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንዲት ሐበሻ እናትን ቤዝመንት ተከራይቼ ከገባሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ስገባ «ለአንድ ዓመት ነው» ብዬ ነበር። አልጋ እንኳን አልገዛሁም። ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ሻንጣዬን ቁም ሣጥን አድርጌ፣ ትንሽ ብር ቋጥሬ አገሬ ልገባ።

በዚያው ዓመት፣ ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ፣ እማማ (አከራዬን እንደዚህ ነው የምጠራቸው) ሦስት ቀጫጭን ችግኞች ይዘው መጡ።

«ና እስቲ ጉድጓድ ቆፍርልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ፓውፓው።»

ፓፓያ መስሎኝ ሳቅሁ። በዚህ በረዶ?

«የጊሽጣ ዘመድ ነው እንጂ ፓፓያ አይደለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በአንዳንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ፓፓያን «ፓውፓው» ስለሚሉት ስሙ ያምታታል። የአሜሪካው ፓውፓው ግን ክረምቱን ቅጠሉን አራግፎ የሚያሳልፍ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ከትልልቅ ዛፎች ሥር በገዛ ራሱ የሚበቅል የአገሩ ተወላጅ ነው። ሥጋው ቢጫና ለስላሳ ነው፤ ጣዕሙ ሙዝና ማንጎ የተደባለቁ ይመስላል። ፍሬዎቹ ውስጥ እንደ ጊሽጣ ጥቋቁር ትልልቅ ዘሮች አሉ። ልጣጩና ዘሩ አይበላም።

«መቼ ነው የሚያፈራው?» አልኳቸው።

«አምስት፣ ስድስት ዓመት።»

«እማማ፣ ያኔ እኮ እኔ እዚህ የለሁም።»

«እኔ የጠየቅሁህ ጉድጓድ ነው፤ ዕድሜህን አይደለም።»

ሁለት ጉድጓድ ቆፈርኩ። ሦስተኛውን ችግኝ «ይሄ ያንተ ይሁን፣ አጥሩ ጋ ትከለው» ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ። «ምን ያደርግልኛል?» አልኩ። ለጎረቤት ሰጡት።

እውነቱን ለመናገር ምክንያቴ ሞኝነት አልነበረም። አገሩ የሰው፣ ቤቱ የሰው ነው። ዛፍ በሻንጣ አይያዝም። ፓውፓው ደግሞ ሥሩ ወደ ታች ረጅምና ተሰባሪ ስለሆነ ካደገ በኋላ ነቅሎ ማዛወር ከባድ ነው። ነገ ቤቱ ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት ሊቆርጠው ይችላል። ለማላውቀው ሰው ጉድጓድ የመቆፈር ግዴታ ያለብኝ ከየት መጥቶ ነው?

ይህ ጥያቄ ዓመታት አብሮኝ ቆየ። መልስ የመሰለኝን ያገኘሁት ዘይቱን ሳስታውስ ነው።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ጊቢያችን ውስጥ አንድ ዘይቱን ነበር። ልጅነቴን በሙሉ እላዩ ላይ ነበርኩ። ማን እንደተከለው ጠይቄ አላውቅም። እናቴ አንድ ቀን በስልክ ስታወራኝ «ከእኛ በፊት የነበረው ሰውዬ ነው» አለችኝ። ተከራይ ማለት ነው። እንደ እኔ ቤቱ የራሱ ያልሆነ፣ ነገ ልቀቅ ቢባል የሚለቅ ሰው። «ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ቢሆን ኖሮ የእኔ ልጅነት ያለ ዘይቱን ያልፍ ነበር።

ታዲያ ዕዳ አለብኝ ማለት ነው? ለሰውዬው መክፈል አልችልም፤ ስሙን እንኳን አላውቅም። ዕዳ ባለቤቱ ሲጠፋ የሚሰረዝ ከሆነ ነጻ ነኝ። እኔ ግን የማይሰረዝ ይመስለኛል። ወደ ኋላ መክፈል ካልተቻለ ወደ ፊት ይከፈላል። በ1806 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር ሉዊስና ክላርክ የሚባሉት አሳሾች ከረጅም ጉዟቸው ሲመለሱ ስንቃቸው አልቆ በፓውፓው ነበር የቆዩት። ለእነሱ ብሎ የተከለላቸው ሰው አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ የምንበላው እንደዚያ ነው።

የእማማ ዛፎች አምና አፈሩ። ሁለት የተከሉበት ምክንያትም ገባኝ፤ ፓውፓው ባብዛኛው በራሱ ብናኝ አያፈራም፣ ዝርያው የተለየ ሌላ ዛፍ ይፈልጋል። ጥቁር ቀይ አበባው ሽታው ስለማይጥም ንብ ሳይሆን ዝንብና ጢንዚዛ ናቸው የሚያዳቅሉት። ፍሬው የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው፤ ዘንድሮ ልክ በእንቁጣጣሽ ሰሞን። ከበሰለ በኋላ ከፍሪጅ ውጪ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። ሱፐርማርኬት ውስጥ የማናየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ እማማ በፌስታል በፌስታል እየሞሉ ጎረቤቱን ሁሉ አደረሱ። አንድ ጓደኛዬ «ሊበሰብስ ያለን ነገር መስጠት ምን ቸርነት አለው?» ብሎ ቀለደ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን የእማማ ስጦታ የተሰጠው በዚያ መስከረም አይመስለኝም። የተሰጠው ከዓመታት በፊት፣ ሊደብቁትም ሊነግዱበትም የማይመች ፍሬ መርጠው የተከሉ ቀን ነው።

በአጥሩ በኩል ግን የእኔ ዛፍ ሊሆን የነበረው ቦታ አሁንም ባዶ ሣር ነው። ሳየው የሚቆጨኝ ፍሬው አይደለም። «የሚቀጥለው ዓመት» እያልኩ ያልተከልኩት ዛፍ ብቻ መች ሆነና? ሰባት ዓመት የጎረቤቶቼን ስም አላወቅሁም ነበር። ያወቅኋቸው ያን ፌስታል ይዤ በር ሳንኳኳ ነው። እሄዳለሁ ብዬ ያልጀመርኩት ትምህርት፣ «አሁን ምን ያደርጋል» ብዬ የሸሸሁት ፍቅር አለ። አገሬም አልገባሁ፣ እዚህም አልኖርኩ።

ሁሉም ሰው ዛፍ ይትከል ማለቴ አይደለም። ወረቀቱ ያላለቀለት፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ከቤት ቤት የሚንከራተት ሰው ጉድጓድ ባይቆፍር አልፈርድበትም። መትከልም «እዚሁ እቀራለሁ» ማለት አይደለም። የዘይቱኑ ሰውዬም እኮ ሄዷል። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ መሄጃዬን ማሰቤ ያለሁበትን ቦታ ለመንፈግ ምክንያት አይሆነኝም።

አሁን ክረምት ነው። ፍሪጄ ውስጥ፣ ከበርበሬው አጠገብ፣ በእርጥብ ወረቀት የተጠቀለሉ የፓውፓው ዘሮች አሉ። ከደረቁ አይበቅሉም፤ ሦስት ወር ያህል ብርድም ካላገኙ አይነቁም። ሚያዝያ ላይ እዘራቸዋለሁ። እስኪያፈሩ ስድስት፣ ምናልባት ስምንት ዓመት።

አባቴ ትናንት ደውሎ «መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ። «የሚቀጥለው ዓመት» አልኩት። ምናልባት የዘንድሮው እውነት ይሆናል። ጉድጓዱን ግን እቆፍራለሁ።